«የጎተራ መኪና» ምንድን ነው?

የጥንት መኪና ወዳጆች «ባርን ፋይንድ» የሚሉት ነገር አላቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጎተራ ውስጥ የተገኘ» ይሆናል፤ የእኛ ጎተራ ግን ከእህል በቀር ሌላ አያስገባምና ትርጉሙ ትንሽ ያስቃል። የፈረንጅ ገበሬ «ባርን» ድርቆሹም ከብቱም ትራክተሩም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ሰፊ ቤት ነው። ከዚያ ቤት ጥግ፣ ባለቤቱ «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» እያለ ያቆመው፣ ያ ቀን ሳይመጣ እሱ የሞተበት መኪና ይወጣል። ቦታው የገጠር ቤት ባይሆንም ግድ የለም፤ ዓመታት ተቆልፎ የኖረ የከተማ ጋራዥም ስሙን ያገኛል።

አቧራ የለበሰ አሮጌ መኪና ሁሉ ግን በዚህ ስም አይጠራም። ግቢ ጥግ፣ ቆርቆሮ ሥር ቆማ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባትን ቮልስዋገን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ለቤተሰቡ ትዝታ ናት፤ ነገር ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅቶች ያሏት ስለሆነች መለዋወጫዋ ዛሬም አይጠፋም። ቃሉ የሚከብደው መኪናው ብርቅ ሲሆንና ከቆመ በኋላ ማንም ሳይነካካው ሲቀር ነው። ፋብሪካው ራሱ ከጠፋ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በምዕራብ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነውን እንውሰድ። ሮዤ ባዮን የተባለ የጭነት ማመላለሻ ባለሀብት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሌላው የሚጥለውን መኪና እየሰበሰበ ነበር፤ ሕልሙ ሙዚየም መክፈት ነው። በ1970ዎቹ ንግዱ ሲወድቅ ከፊሉ ተሸጠ፤ የቀረው ቆርቆሮ ለብሶ ግድግዳ በሌለው መጠለያ ሥር ቀረ። ሐረግ በመስኮት ገብቶ በወንበሩ ላይ ወጣ። ከዓመታት በኋላ አርኩሪያል የተባለው የጨረታ ቤት ባለሙያዎች በወራሾቹ ተጠርተው ሲሄዱ ስልሳ ያህል መኪና ጠበቃቸው። በየካቲት 2015 ፓሪስ ላይ ሲሸጡ ጠቅላላው ገንዘብ ከ25 ሚሊዮን ዩሮ አለፈ።

ጋዜጦቹ ያራገቡት ፌራሪውን ነበር። ተዋናዩ አለን ደሎን የነዳው፣ የመጽሔት ክምር ተጭኖበት የተገኘው ይኸው መኪና ብቻውን ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። የእኔ ዓይን የቀረው ግን ታልቦ-ላጎ በሚባሉት የፈረንሳይ መኪኖች ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ በግብፁ ንጉሥ ፋሩክ እጅ ያለፈ ነበር። የፌራሪ ባለቤት ቢቸግረው ማራኔሎ ያለው ፋብሪካ ዛሬም በሩ ክፍት ነው። የታልቦ-ላጎ ባለቤት ማንን ይጠይቃል?

አንቶኒዮ ላጎ የቬኒስ ልጅ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ፓሪስ አጠገብ ሱሬን የሚገኘውን የታልቦ ፋብሪካ ከውድቀት አንሥቶ በራሱ ስም አስቀጠለው። ከጦርነቱ በኋላ ያወጣው «ቲ26» ባለ 4.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። ከዚሁ ዘር የወጣ የእሽቅድምድም መኪና በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን በተባለች ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ ሉዊ ሮዝዬ ለልጁ ጥቂት ዙር ብቻ ለቆ ቀኑንም ሌሊቱንም ራሱ ነዳው። ስሙ ውስጥ ያለው 26 ግን የድሉ ሳይሆን የመከራው ቁጥር ነው። የፈረንሳይ ግብር የሚሰላበት የፈረስ ጉልበት መጠን ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ከ15 በላይ በሆነው ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። ደላሄም ሆነ ሌሎቹ የቅንጦት መኪና ሠሪዎች በተመሳሳይ ዘመን ተንገዳገዱ። ላጎ እየተበደረ ቆየ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካው ሲምካ ለተባለው መኪና ሠሪ ኩባንያ ተሸጠ፤ እሱም በ1960 ሞተ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። በዚያ ዘመን የቅንጦት መኪና ገዢ ከፋብሪካው ሻንሲና ሞተር ብቻ ገዝቶ ቦዲውን ለሌላ ባለሙያ ያሠራ ነበር። ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ፣ ሳውቺክ፣ ሲጀምር የቤት ዕቃ ሠሪ ነበር። በውስጥ የእንጨት አጥንት ያቆማል፤ በላዩ ላሜራ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ስለዚህ ሁለት መኪኖች አንድ ስም ይዘው በር ለበር ላይገጥሙ ይችላሉ። የአንዱን ለሌላው መግጠም የለም።

እንግዲህ ፋብሪካው ከሌለ፣ የንድፍ ሥዕሉ ከጠፋ፣ የሚያስረዳው መኪናው ራሱ ብቻ ነው። የዛገው ብሎን መጠን፣ ከምንጣፉ ሥር ያመለጠው የመጀመሪያ ቀለም፣ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ማስረጃ ናቸው። ለዚህም ነው አዋቂ ሰው መጀመሪያ ውኃ የማይደፋበት፤ በቆመበት ፎቶ ያነሣዋል፣ መሬት ላይ የወደቀውንም ፍሬ ለቅሞ በከረጢት ያስቀምጣል። አዲስ ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖ መምታትማ ወንጀል ነው ብል አላጋነንሁም። ሲሊንደር ውስጥ ዝገት ያበጀ ፒስተን በጉልበት ሲነቃነቅ ፋሻውን ሰብሮ ግድግዳውን ይቧጭራል፤ እንዲህ ያለ ፒስተን ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። ካንዴላዎቹ ይፈታሉ፣ በቀዳዳቸው ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል፣ ቀናት ይጠበቃል፤ ከዚያ ሞተሩ በእጅ፣ በማኒቬላ፣ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ይባላል። በሩንም ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ሲከፈት ወደ ታች ዘፍ ካለ ላሜራው ቢያብረቀርቅ እንኳ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው።

ዋጋ ያለበት ቦታ አታላይ አይጠፋም። ትናንት ታጥቦ የነበረ መኪና ላይ አቧራ በትነው «ሃምሳ ዓመት የተቆለፈበት» የሚሉ አሉ። እውነተኛ አቧራ ድርብ ድርብ ነው፤ የአይጥ ጎጆ አለበት፣ የቆመበትም ጎማ ታችኛው ጎኑ ተጨፍልቆ ደርቋል።

የተገኘውን ማደስ ይሻላል ወይስ እንዳለ መተው? ጠበኞቹ ዛሬም አልታረቁም። እኔ ወደ መተው አደላለሁ። በማጆሬ ሐይቅ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ ሰምጦ በ2009 የወጣ የ1925 ቡጋቲ ነበረ። በማግስቱ ዓመት በጨረታ 260,500 ዩሮ ሲያወጣ ግማሽ ጎኑ በዝገት ተበልቶ ነበር። የገዛው አሜሪካዊ ሰብሳቢ በካሊፎርኒያ ሙዚየሙ፣ ከሚያብረቀርቁት መኪኖቹ ጋር፣ ሐይቁ እንደተወው አድርጎ ለእይታ አቆመው።