ካታፕሌክሲ ምንድን ነው? በሳቅ መዝለፍለፍ

«ሳቄ ገደለኝ» እንላለን። ስንደነግጥ ደግሞ «ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ»። ለአፍ ያህል ነው፤ ብለን ስናበቃ ወሬያችንን እንቀጥላለን። ካታፕሌክሲ ያለበት ሰው ግን ነገሩ በእውን ይደርስበታል። ከልቡ ሲስቅ፣ ሳያስበው የድሮ ወዳጁን መንገድ ላይ ሲያገኝ፣ አንዳንዴም ንድድ ሲለው ጡንቻዎቹ በድንገት ይከዱታል። ራሱን ግን አይስትም። የሕመሙ ትልቁ መለያ ይኸው ነው፦ ወድቆም ነቅቷል።

እስቲ ቡና ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት እናስብ። ቀልድ እያወራ ነው። የሚያስቀው ቦታ ላይ ሊደርስ ሲል ምላሱ ይተሳሰራል፣ አገጩ ይወርዳል፣ አንገቱ ወደ ደረቱ ይዘነበላል። በእጁ የያዘው ሲኒ ያጋድላል። ከመቀመጫው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ በተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ዝልፍልፍ ይላል። ቤቱ ይታመሳል፤ አንዷ «የሚጥል በሽታ ነው» ትላለች፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋል። (ክብሪቱ ለሚጥል በሽታም አይጠቅምም፤ ያ ሌላ ጨዋታ ነው።) ልጁ ጭሱ ይሸተዋል፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ መልስ መስጠት ብቻ ያቅተዋል። ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳና ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል።

ሁሌ እንዲህ አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ የዐይን ቆብ ከበድ ይላል፣ ፊት ይላላል፣ ዕቃ ከእጅ ያመልጣል፣ ጉልበት ለቅጽበት ሸብረክ ይላል። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ዐይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራቸውን አያቋርጡም። በዚያች ሰዓት ሐኪም ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ መታ ቢያደርገው እግሩ ብድግ አይልም። ይህን ደግሞ ማንም ሰው አውቆ ሊያስመስለው አይችልም፤ «ሲያካብድ ነው» ለሚሉ ዘመዶች በቂ መልስ ይመስለኛል።

ለምን ይመጣል? ነገሩ የእንቅልፍ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋል፤ ባይቆልፍ ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ አልጋው ላይ በተራገጥን። ዱካክ ተጭኖት የሚያውቅ ሰው ይህን ቁልፍ ያውቀዋል፤ ነቅቶ ሳለ ጣቱን ማንሳት ያቅተዋል። በካታፕሌክሲ ይኸው ቁልፍ በጠራራ ፀሐይ ይመጣል።

ይህ ቁልፍ ነቅተን ሳለ እንዳይመጣ የሚጠብቀን ኦሬክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ስላገኙት ሃይፖክሬቲን የሚል ሁለተኛ ስም አለው። የሚያመርቱት ሴሎች አንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ውስጥ የሚገኙ ሲሆን ቁጥራቸው 70,000 ገደማ ቢሆን ነው። በ2000 የሟች ሕሙማን አንጎል ሲመረመር ከእነዚህ ሴሎች ከ85 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት ጠፍተው ተገኙ። ያጠፋቸው የሰውየው የራሱ በሽታ ተከላካይ ኃይል እንደሆነ በብርቱ ይጠረጠራል።

ሳቅስ ምን አገባው? ጤነኛ ሰውም ከልቡ ሲስቅ የጡንቻዎቹ ምላሽ ለአፍታ ይዳከማል፤ «በሳቅ ጉልበቴ ከዳኝ» የሚለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። እኛን ኦሬክሲን ይደግፈናል፤ እነሱ ደጋፊ የላቸውም።

ደስታ እንዲህ እንደሚጥል ቀድመው ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ባቲስት ዤሊኖ ነው። በ1880 የወይን ጠጅ በርሜል የሚሸጥ የ38 ዓመት ሰው አከመ። ሰውየው ጮክ ብሎ ሲስቅ ወይም ጥሩ ገበያ ሊቀናው ሲል እግሩ ይዝል ነበር። ካርታ ሲጫወት ጥሩ ካርታ ከደረሰው እጁን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ቀን በቀን እንቅልፍም ይጥለው ስለነበር ዤሊኖ ሕመሙን ናርኮሌፕሲ አለው። ዛሬም ካታፕሌክሲ ያለበት ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ናርኮሌፕሲ አለበት።

በአሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዶበርማን ውሾች ነበሩ። ቁርጥራጭ ምግብ መሬት ላይ ይደረደርላቸዋል። ጤነኛው ውሻ በሰከንዶች ለቅሞ ይጨርሳል። ሕመምተኛው አንዱን እንዳገኘ በደስታ የኋላ እግሩ ይታጠፋል፤ ተነስቶ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ደግሞ ይወድቃል። ተመራማሪው ኢማኑኤል ሚኞ እና ባልደረቦቹ በ1999 ጥፋቱን አገኙት፤ የውሾቹ የኦሬክሲን መቀበያ ተበላሽቷል።

ከሚጥል በሽታ የሚለየው ሰውየው ሁሉንም ማስታወሱ ነው። ከስትሮክ ደግሞ ቶሎ ማለፉ፤ ይሁንና ፊቱ የተጣመመ ወይም ግማሽ አካሉ የደከመ ሰው ዘንድ «ያልፋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው። ልጆች ላይ ሳቅ ሳይኖርም አፍ ተከፍቶ፣ ምላስ ወጥቶ፣ ዐይን ከደን ብሎ ሊታይ ይችላል። ለነርቭ ሐኪም ከረጅም ገለጻ ይልቅ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይጠቅመዋል፤ ቀን እንቅልፍ እንደሚያስቸግረውም መንገር አይረሳ። የጠፉትን ሴሎች የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ውድቀቱን የሚቀንሱ ግን አሉ። እነሱንም በድንገት ማቆም መዝለፍለፉን ለሰዓታት እያከታተለ ሊያመጣው ይችላል።

ብዙዎቹ ሳቅን መሸሽ ይለምዳሉ። ቀልድ ሲጀመር ግድግዳ ይደገፋሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሠርግ ቤት ጥግ ይይዛሉ፤ የማያውቃቸው ሰው ኩራተኛ ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው እናንተ ባላችሁበት ከወደቀ ጭንቅላቱን ደግፉለት፣ ክብሪቱን አስቀምጡ፣ እስኪነሳ ጠብቁት። ቀልዱንም ለጊዜው አቁሙት፤ እየሰማ ነው፣ ሳቁ ከቀጠለ መዝለፍለፉም ይቀጥላል።