አሲዳማ መሬት የሚችል ስንዴ

በደቡብ ብራዚል፣ ሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል በተባለው ግዛት፣ ስንዴ በደንብ ዘንቦለት እንኳ ይቀጭጭ ነበር። ቅጠሉ እሳት የላሰው ይመስላል። ገበሬዎቹም «ተቃጠለ» ነበር የሚሉት። ጥፋተኛው ግን ከመሬት በታች ያለው አሉሚኒየም ነው።

አሉሚኒየም በየአፈሩ ሞልቷል። አፈሩ ደህና ሲሆን ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ማንንም አይነካም። የአሲድነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ5 በታች ሲወርድ ግን (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) በብዛት እየሟሟ ሥር ጋ ይደርሳል። የሚመታው የሥሩን ጫፍ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር። ሥር የሚረዝመው እዚያው ጫፉ ላይ ስለሆነ፣ እሱ ከተጎዳ ሥሩ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዝናብ ትንሽ ከዘገየ አለቀለት። ማዳበሪያውም ቢሆን እንደተፈለገው አይሠራም፤ ፎስፈረሱን አሉሚኒየምና ብረት አንቀው ይይዙታል።

የሚገርመው፣ መፍትሔው የተጀመረው ምክንያቱ በወጉ ሳይታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ካርሎስ ጋየር የተባለ ባለሙያ ከገበሬው ማሳ «ያልተቃጠሉትን» ስንዴዎች እየለየ መምረጥ ጀመረ። ቀጥሎ ስዊድናዊው ኢቫር ቤክማን ባዤ በተባለች ከተማ ማዳቀሉን ገፋበት። በ1940ዎቹ የወጣው «ፍሮንታና» የእሱ ሥራ ነው፤ በአንድ በኩል የብራዚል፣ በሌላ በኩል የጣሊያን ዘር አለው። ዋግንም በመቋቋም ስመ ጥር ሆኗል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የወጣው «አትላስ 66»ም አሉሚኒየምን መቻሉን ያገኘው ከብራዚል ወላጆቹ ነው።

ታዲያ ቻዩ ስንዴ ምን ያደርጋል? መልሱ ቀላል ነው፤ አሲድ ይተፋል። አሉሚኒየም ሲነካው ከሥሩ ጫፍ ማሌት ያወጣል፣ ፖም ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ማለት ነው። ማሌቱ አሉሚኒየሙን ጠፍሮ ይይዘውና ጉዳት እንዳያደርስ ያደርገዋል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1993 የታተመ ጥናት፣ ቻዮቹ ከማይችሉት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ማሌት እንደሚያወጡ አሳየ። በ2004 ደግሞ የጃፓንና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ማሌቱን የሚያስወጣውን ጂን አገኙት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ጂኑ በማይችለውም ስንዴ ውስጥ አለ፤ ግን በደካማው ነው የሚሠራው።

ምርጫው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም። የበቀለ የስንዴ ሥር አሉሚኒየም ባለበት ውሃ ውስጥ ይቆይና ሄማቶክሲሊን በሚባል ማቅለሚያ ይነከራል፤ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ያው ቀለም ነው። ከዚያ ይታጠባል። አሉሚኒየም የገባበት ጫፍ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ይሆናል፣ የቻዩ ግን ነጣ እንዳለ ይቀራል። ማሽን የለ፣ ምን የለ፤ በዓይን ብቻ ብዙ መቶ ቡቃያ ይለያል።

የብራዚል ስንዴዎቹ ችግር ቁመት ነበር። ረጅም ስለሆኑ ማዳበሪያ ሲበዛላቸው ይጋሽባሉ። የሜክሲኮዎቹ አጫጭር ስንዴዎች ደግሞ ምርታቸው ጥሩ ሆኖ አሲዳማ መሬት ላይ ይከስማሉ። በ1970ዎቹ ሲሚት (ሜክሲኮ ያለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል) ከብራዚል ተቋማት ጋር ዘሩን በሁለቱ አገሮች መካከል እያመላለሰ አዳቀላቸው። በኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ጂን ማግኘቱ ዝናው በዛ እንጂ የገበሬውን ማሳ የለወጠው ይሄኛው ነው።

በአሲዳማ መሬት ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ሌላ ጣጣ ነው። ማሳው ውሃ ሲቋጥር ይብሳል፣ ጉዳቱም የሚታየው ቅጠል ላይ ነው። አሉሚኒየምን የቻለ ዝርያ ማንጋኒዝን ላይችል ይችላል፤ ምርጫውም ለየብቻ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ ነው ይባላል። አዊ ዞን ውስጥ ብዙ ገበሬ ስንዴና ገብስ እምቢ ሲለው ወደ እንግዶና ግብጦ ዞሯል፤ ማሳውን ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ የተከለበትም ጥቂት አይደለም። በተለይ የፓስታው ስንዴ፣ ዱረም፣ ለአሲድ አይሆንም። ዋናው የመቻያ ጂን ያለው ዲ በሚባለው የክሮሞሶም ስብስብ ላይ ነው፤ ዱረም ደግሞ ዲ የለውም። ተመራማሪዎች ጂኑን የያዘችውን የክሮሞሶም ቁራጭ ከዳቦ ስንዴ ወደ ዱረም አሻግረዋል።

አሲዱን ለመቀነስ ኖራ መበተኑ እንዳለ ሆኖ ነው ታዲያ። በሄክታር 20 እና 30 ኩንታል ኖራ ማጓጓዝ ለትንሽ ገበሬ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ኖራው ማረሻ ከደረሰበት ብዙም አይወርድም፤ ከዚያ በታች ያለው አፈር ለዓመታት አሲዳማ እንደሆነ ይቆያል። ቻዩ ስንዴ ጥቅሙ እዚያ ጋ ነው፦ ሥሩ የታችኛውን አፈር ጥሶ ወርዶ፣ ዝናብ ሲቋረጥ ከሥር ያለውን እርጥበት ያገኛል።