ምጽዋት፣ ፍትሕና የውጭ እርዳታ፦ በክርስቲያኖች ዘንድ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ለተቸገረ መድረስ ግዴታችን መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ ቀጥሎ ነው፦ ድሃው ለምን እንደደኸየ መጠየቅስ የእኛ ድርሻ ነው? ከባሕር ማዶ በመልካም ልብ የሚላክ ሁሉስ ይጠቅማል? በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ በስብከትም በጨዋታም የሚሰሙ አባባሎች አሉ። ጉዳታቸው የሚደርሰው በድሃው ላይ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

«ማኅበራዊ ፍትሕ የፖለቲከኞች ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ምጽዋት ነው»

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ደርግ በእኩልነት ስም ስንቱን እንደፈጀ ያየ ትውልድ ከዚህ ቃል ቢሸሽ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከማርክስ በፊት ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። ነቢዩ አሞጽ ድሃውን በጥንድ ጫማ የሸጡትን ሲገሥጽ፣ ያዕቆብም የአጫጆችን ደመወዝ ያስቀሩ ባለጠጎችን ሲወቅስ፣ ክሳቸው «ምጽዋት አልሰጣችሁም» የሚል አልነበረም፤ «የሰው ሐቅ ወሰዳችሁ» የሚል ነበር። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሳርያ አገር በረኀብ ሲመታ ቅዱስ ባስልዮስ እህል በጎተራ የቆለፉትን ባለጠጎች ፊት ለፊት ተናግሯቸዋል፤ የያዛችሁት እንጀራ የተራበው ሰው ነው ብሏቸዋል። እዚያው ከተማ ዳር ለሕሙማንና ለእንግዶች መጠለያ ያቆመውም ራሱ ነው።

በእኛም ዘመን ምሳሌ አለ። የተሸጠ ርስት በየኀምሳ ዓመቱ ለባለቤቱ እንዲመለስ ከሚያዘው ከኦሪቱ የኢዮቤልዩ ሕግ ስሙን የወሰደው «ኢዮቤልዩ 2000» የተባለው ዘመቻ፣ አብያተ ክርስቲያናት በብዛት የተሳተፉበት፣ የድሃ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ የጠየቀ ነበር። በግንቦት 1998 እ.ኤ.አ. የኃያላን አገሮች መሪዎች በእንግሊዟ በርሚንግሃም ሲሰበሰቡ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ እጅ ለእጅ ተያይዞ የከተማዋን መሐል ከበበ። በዓመቱ መሪዎቹ በጀርመኗ ኮሎኝ ሲሰበሰቡ የዕዳ ቅነሳው መርሐ ግብር ሰፋ፤ ኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. (2004 እ.ኤ.አ.) ተጠቃሚ ሆናለች። በርሚንግሃም የወጡት ሰዎች የዚያን ቀን አንድ ኩንታል ስንዴ አልላኩም፤ የጠየቁት ፍትሕ ነበር።

«ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ተብሏል፤ ስለዚህ መድከም ከንቱ ነው»

ጌታ የጠቀሰው ዘዳግም 15ን ነው። እዚያ ድሃ ከምድር አይታጣም የተባለው «ስለዚህ እጅህን ዘርጋ» ለማለት ነው። በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው የተደነገገውም በዚሁ ምዕራፍ ነው።

«ልብ ንጹሕ ከሆነ ስጦታው አይጎዳም»

ይጎዳል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሃይቲ ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከ35 በመቶ ወደ 3 በመቶ እንድታወርድ ተደረገ። በመንግሥት የተደጎመው የአሜሪካ ሩዝ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው የሃይቲ ገበሬ መወዳደር አቃተው። ፖሊሲውን የገፉት የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራቸው ሴኔት ፊት ስሕተት እንደነበር አምነዋል። ርካሽ ሩዝ ድሃ አገርን ይጠቅማል ተብሎ ታስቦ ነበር።

የበለጠ የሚያሳዝነኝ የወላጅ አልባ ሕፃናት ነገር ነው። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያዎች ከሚኖሩ ሕፃናት አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። ገንዘቡ ወደ ማሳደጊያው ሲፈስ፣ ልጇን ማብላትና ማስተማር ያቃታት እናት ልጇን ወደዚያው ትወስዳለች። በኢትዮጵያም በአንድ ወቅት በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ይሄዱ ነበር። ከወሰዷቸው መካከል «ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መጠየቅ» የሚለውን የያዕቆብን ቃል በእውነት ለመፈጸም የተነሡ አሜሪካውያን አማኞች ብዙ ነበሩ። ሆኖም ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው የተላኩበት ጊዜ ነበር፤ ጉዲፈቻ ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ ያልተነገራቸው እናቶችም ነበሩ። ፓርላማው በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ለማሳደጊያው ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእናቲቱ ቢደርስ ኖሮ ስንት ልጅ ከቤቱ ባልወጣ ነበር!

«ለሥጋው እርዳታ፣ ለነፍሱ ስብከት፤ ድርሻውን ለጋሹ ይወስን»

ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ1964 ዓ.ም. (1972 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ለጋሾቹ ለልማት ሥራ ገንዘብ በቀላሉ ይሰጣሉ፤ በፍጥነት እያደገች ላለችው ቤተ ክርስቲያን ወንጌላውያንና መሪዎች ሥልጠና ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው የገንዘብ ልመና ብቻ አልነበረም። ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር ነው፤ እናንተ ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ወገን ስትረዱ የእናንተን ክፍፍል በእኛ ላይ እየጫናችሁ ነው አለች። የሚያስቀድመውን የሚያውቀው በቦታው ያለው ሕዝብ ነው የሚለው ሐሳብ ጄኔቫ ድረስ ተሰማ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ የምክክር ጉባኤ ተካሄደበት። ተቀባይ ለሰጪ እንዲህ በግልጽ መናገሩ ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ብርቅ ነው። ቄስ ጉዲና በ1971 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ተይዘው ተገደሉ።

«እርዳታ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል፤ ቢቀር ይሻላል»

ከላይ ያለውን አንብቦ ወደዚህ የሚዘል አይጠፋም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ሲጀምር ብዙው ገንዘብ የመጣው ከውጭ ነው፤ በዚያ መድኃኒት ዛሬም በሕይወት ያሉ ጎረቤቶች አሉን። ድሃ ገንዘብ በእጁ ከገባ ይጠጣበታል የሚለውንም የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ ጥናቶችን መርምረው ሐሰት ሆኖ አግኝተውታል።

«ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለው ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ የሰበሰበው ያው ጳውሎስ ነው። ገንዘቡንም ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት ሄዱ፤ ማንም እንዳይነቅፈው። ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ወደ አገር ቤት የምትልክ አጥቢያም ተቀባዮቹ ራሳቸው የመረጧቸውን ሰዎች በውሳኔውም በሒሳቡም ማስገባት ትችላለች።