ከውሃ ጋር መዋል በድሬዳዋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዋና የማይችል ሰው ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ይራመዳል። ውሃው ወገብ ሲደርስ የሰውነት ክብደት በግማሽ ይቀላል፤ ደረት ሲደርስ እግር ላይ የሚያርፈው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ከዚህ የሚሻል እንቅስቃሴ ብዙ የለም። 5 ደቂቃ በቀስታ፣ 10 ደቂቃ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ፈጠን ብሎ፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ እንደገና በቀስታ። ብዙዎች በእግር ጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ባታቸውን ያሳምማሉ፤ ተረከዝ ይቅደም። ውሃውን ለመግፋት ጎንበስ ማለትም ለወገብ ሕመም ይዳርጋል።

«ክሎሪኑ ይሸታል፤ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት ነው»

ተቃራኒው ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። አፍንጫ የሚሰነፍጠውና ዓይን የሚያቀላው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎራሚን ነው። ሳይታጠቡ ዘው የሚሉ ሰዎች ሥራ ነው እንግዲህ። የውሃውን ጥራት ለማየት ጥልቅ በሆነው በኩል ወለሉ ላይ ያለውን የማፍሰሻ ወንፊት ከዳር ሆናችሁ ፈልጉ፤ ካልታያችሁ አትግቡ። ኃላፊውን መጠየቅም ነውር የለውም፦ ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት።

«ውሃ ውስጥ ላብ የለም»

አለ፤ ውሃው ስለሚያጥበው አይታይም እንጂ። በድሬ ሙቀት የሚጠጣ ውሃ ገንዳው ዳር ይኑር። ጫት ቅሞ መዋኘት ደግሞ የባሰ ነው፤ ጫት ራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል።

«የሚሰጥም ሰው ይጮኻል»

አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። አፉ ብቅ ሲል የሚያገኘው ጊዜ አየር አስወጥቶ፣ ስቦ ለመጮኽ አይበቃውም። ልጅ የሚጠብቅ ሰው እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቁም፣ ስልኩንም ያስቀምጥ።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከተማዋን በሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ መንሸራሸር ምን አለው?»

በበጋ ምንም። በበልግና በክረምት ግን ጎርፉን የሚያመጣው ከተማዋ ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ በስተደቡብ ያለው ደጋ ላይ የዘነበውም ነው። የከተማዋ ከዚራ ሰፈር ደረቅ ሆኖ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲሜትር ውሃ አዋቂን ይጥላል። ጉርምርምታ ከሰማችሁ በአሸዋው ላይ ቁልቁል አትሩጡ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ቅርቡ ከፍታ ውጡ።

«የወባ ትንኝ ያለችው ረግረግ ዳር ነው»

ለድሬዳዋ ይህ አይሠራም። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋን ካመሳት የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ የምትራባው በግቢ ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ ነው። እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር በሙቀት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ በርሜሉን ደፍቶ የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ መፈግፈግ፣ ከዚያ ቀዳዳ በሌለው ጨርቅ አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ከላይ የተጣለ ቆርቆሮ ክዳን አይሆንም፤ በዳሩ ትገባለች።