ስለ ዜርማት መንደርና ስለ ማተርሆርን ተራራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደቡብ ስዊዘርላንድ ወደምትገኘው ዜርማት እንግዶችን ይዤ በሄድኩ ቁጥር፣ ከባቡር ወርደን ማተርሆርን ገና ብቅ ሲል «የአልፕስ ከፍተኛው ተራራ ይኸው!» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዓመታት ጂኦግራፊ ላስተማረ ሰው ይህን በዝምታ ማለፍ ቀላል አይደለም።

ማተርሆርን የአልፕስ ከፍተኛው ተራራ አይደለም፤ የስዊዘርላንድም አይደለም። ከፍታው 4,478 ሜትር ነው። የአልፕሱ አውራ ሞን ብላን ከ4,800 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ 4,634 ሜትር የሚደርሰው ሞንቴ ሮዛ በተባለው ግዙፍ ተራራ ላይ ያለው ዱፉርሽፒትሰ ነው። ይህ ጫፍ የሚገኘውም እዚያው በዜርማት አስተዳደር ክልል ውስጥ ነው፤ ሰዎች ጎረቤቱን እያደነቁ እርሱን ሳያዩት ይመለሳሉ።

የስህተቱ ምንጭ ዓይን ከፍታን በቅርጽ መለካቱ ነው። ማተርሆርን ለብቻው ተነጥሎ ከመንደሩ በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ተወርውሯል። ዱፉርሽፒትሰ ግን በከፍታ ከሚቀራረቡት ጓደኞቹ መካከል የተቀመጠ በመሆኑ ጎልቶ አይወጣም። ልዩነቱን ለማየት ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው ባቡር 3,089 ሜትር ላይ ወዳለው ጎርነርግራት መውጣት ይሻላል። እዚያ ወደ ደቡብ ዞረው ሲቆሙ፣ በስተግራ ሞንቴ ሮዛ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ ጋደም ያለ ሽማግሌ መስሎ ይታያል፤ በስተቀኝ ማተርሆርን ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተጋደመው እንደሚበልጥ ማመን የሚከብደው ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ ይዣቸው የወጣሁ አዛውንት «ቁጥሩን ተሳስታችሁ እንዳይሆን» ብለው ሞገቱኝ። ራስ ደጀንን እያዩ ያደጉ የሰሜን ሰው ስለነበሩ፣ «ጋሼ፣ ራስ ደጀን ከዚህ ይበልጣል ብልዎት ያምናሉ?» አልኳቸው። ሳቁ። ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ማተርሆርንን በእርግጥ ይበልጣል፤ ዙሪያው ራሱ ከፍ ያለ አምባ በመሆኑ ግን ለተመልካች ያን ያህል አይገዝፍም። እስክንወርድ ድረስ ስለ ከፍታ አላነሡብኝም።

ሁለተኛው ስህተት ተራራው እሳተ ገሞራ ነው የሚለው ነው። ከሾጣጣ ቅርጹ ሌላ፣ በነፋሻ ቀን ከጫፉ በአንድ ወገን እንደ ባንዲራ የሚዘረጋው ደመና «ይጨሳል» ያሰኛል። ይህ ነፋስ ጫፉን አልፎ ሲሄድ ከተራራው ጀርባ የሚፈጠር ደመና እንጂ ጭስ አይደለም። የሰሜን ተራሮቻችን በእርግጥ ከእሳተ ገሞራ የተገኙ ናቸው፤ ማተርሆርን ግን በአፍሪካና በአውሮፓ ወገን ያሉ የምድር ቅርፊቶች ተጋጭተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጭኖ ከወጣ ዐለት የተሠራ ነው። የላይኛው ክፍሉ ከአፍሪካ ወገን ከመጣው ቅርፊት መሆኑን ስነግራቸው የሀገሬ ልጆች ደስ ይላቸዋል፤ እኔም አልከለክላቸውም። ሹል ቅርጹን ያወጡት ደግሞ በየአቅጣጫው ጎኑን የቦረቦሩት የበረዶ ግግሮች ናቸው። ስሙም በጀርመንኛ «የመስክ ቀንድ» እንደማለት ነው።

ተራራው የስዊዘርላንድ ብቻ ነው የሚሉም አሉ፤ ድንበሩ በጫፉ ላይ ስለሚያልፍ ጣሊያኖችም ቼርቪኖ ብለው የራሳቸው ያደርጉታል።

ተራራውን መጀመሪያ የወጡት ሰዎች ሁሉ በሰላም ተመልሰዋል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ሐምሌ 14 ቀን 1865 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊውን ተራራ ወጪ ኤድዋርድ ዊምፐርን ጨምሮ ጫፉን ከረገጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ገደል ገብተው ሞተዋል።

በመጨረሻም፣ መንደሩ ውስጥ ተሽከርካሪ የለም ብለው መሐል መንገድ ለሚሄዱ እንግዶች፦ የተከለከለው የእንግዶች የግል መኪና ነው። እርሱን ቴሽ በምትባለው መንደር አቁመው 12 ደቂቃ ያህል በባቡር ይገባሉ። በባትሪ የሚሄዱት ትንንሽ ታክሲዎች ግን ቀኑን ሙሉ በጠባቡ ጎዳና ይመላለሳሉ፤ ድምፅም ስለሌላቸው ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ከመራመድዎ በፊት ዞር ብለው ይመልከቱ።