የሥራ ፈቃድ ምንድን ነው? በትዳር ግሪን ካርድ ለሚጠባበቁ

«ፋይልህ ገብቷል አይደል? በቃ ሥራ!» ይህ ምክር አሜሪካ ባለው ሐበሻ መካከል እንደ ዳቦ ይታደላል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ «ዜጋ ያገባ ሰው ወርክ ፐርሚት መጠበቅ አያስፈልገውም» ሲል አነበብኩ። ምስጋናው ዘነበለት። የኢሚግሬሽን ቅጽ በመሙላት ስለምተዳደር፣ ይህን ምክር ሰምተው የተጎዱ ሰዎች እኔ ጋ ይመጣሉ።

የትዳር ማመልከቻ ማስገባት የመሥራት መብት አይሰጥም። ትዳሩ የእውነት ቢሆንም አይሰጥም። አይ-485 የተባለውን የግሪን ካርድ ማመልከቻ ያስገባ ሰው፣ አይ-765 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። እስኪጸድቅ ይጠብቃል። ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው ግን የተለየ ነው። ለምሳሌ በጥገኝነት ጥያቄው ያገኘው የሥራ ፈቃድ ካርድ ጊዜው ካላለፈ በሱ ይሠራል። ታዲያ ስላገባ ብቻ፣ ጠበቃ ሳያማክር የጥገኝነት ፋይሉን እንዳይዘጋ።

«ሪሲት መጥቶልኛል» የሚሉም አሉ፤ ማመልከቻው መድረሱን የሚገልጸውን ደብዳቤ ማለታቸው ነው። ወረቀቱን አውጥታችሁ አናቱን ተመልከቱ። ምንም ዓይነት የኢሚግሬሽን መብት ወይም ጥቅም እንደማይሰጥ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የምዝገባ ወረቀቱ እጁ ላይ ነው፣ ቁጠባውንም ንግድ ባንክ ያስገባል። ሆኖም ቁልፍ ሳይረከብ በር ሰብሮ አይገባም። ሪሲቱ ምዝገባው ነው፣ ወርክ ፐርሚቱ ደግሞ ቁልፉ።

አስተያየት ሰጪው «ሰብሮ ቢገባም ከምዝገባው አይሰረዝም» ሊለኝ ይችላል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ተፈትሾ በሕጋዊ መንገድ የገባ የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ያለፈቃድ በመሥራቱ ብቻ ግሪን ካርድ አይከለከልም። ሕጉ ለዜጋ የቅርብ ቤተሰብ ያደረገው ልዩ አስተያየት ነው። ያ ማለት ግን ሥራው ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጎረቤቱ ያገባው ዜጋ ሳይሆን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከሆነ ደግሞ ይህ አስተያየት አይመለከተውም። እሱ ሰብሮ ሲገባ ምዝገባው ራሱ ሊሰረዝ ይችላል። ሁለቱም «በትዳር ነው ያመለከትኩት» ነው የሚሉት። ምክር የሚሰጣቸው ሰው ግን አይለያቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ አይ-9 ነው። ቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን የሚያስሞላው ቅጽ ነው። «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለችው። ፈቃድ የሌለው ሰው ሥራው እንዳያመልጠው እዚያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህ በር መስበር ብቻ አይደለም፣ የሐሰት ካርታ ማሳየት ነው። በፈረንጆቹ ከመስከረም 30 ቀን 1996 ወዲህ ለሥራ ብሎ ዜጋ ነኝ ያለ ሰው ግሪን ካርድ እስከወዲያኛው ሊከለከል ይችላል። ለግሪን ካርድ አመልካች ይህን የሚያስምር የይቅርታ ማመልከቻ የለም። ዜጋ ማግባትም አያድነውም። ያለፈቃድ መሥራቱ የሚታለፍለት ሰው በዚያች ምልክት ትዳሩን ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል። «ችግር የለውም» ባዩ ይህን ነገር ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ካሽ መቀበልም ያው ሥራ ነው። በሰው አካውንት ኡበር መንዳትም፣ ምግብ ማድረስም እንዲሁ። የድሮ ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካርድ) ያላችሁ ካርዱን አንብቡት፤ ብዙዎቹ ላይ ለሥራ የሚያገለግለው ከመንግሥት ፈቃድ ጋር ብቻ እንደሆነ ታትሟል። ታክስ መክፈልም ያለፈቃድ የተሠራውን ሥራ ሕጋዊ አያደርገውም። ቢሆንም የተሠራበት ገንዘብ ታክስ አለበትና ክፈሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሥራ ከተጠየቃችሁም አትዋሹ። ሥራው ራሱ በሚታለፍበት ፋይል ውሸቱ አይታለፍም።

ካርዱን ያገኛችሁ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ያዙ። ቀድሞ እድሳት በጊዜ የጠየቀ የትዳር አመልካች ፈቃዱ በራሱ ይራዘምለት ነበር። በፈረንጆቹ ከጥቅምት 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚገባ የእድሳት ማመልከቻ ግን ይህ ቀርቷል። አሮጌው ካርድ ሲያበቃ አዲሱ ካልጸደቀ ሥራ ማቆም ግድ ነው። እድሳቱን ካርዱ ከማብቃቱ ከ180 ቀን በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ቀኑ ሲደርስ አታሳድሩት።