ለፎም ግድግዳ የሚሆን ፉቲንግ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

የፎም ግድግዳ የሚሠራው መሃላቸው ክፍት በሆኑ የፎም ብሎኮች ነው። ብሎኮቹ ይደረደራሉ፣ ፌሮ ይገባባቸዋል፣ ከዚያ አርማታ ይሞላል። ፎሙ እንደ ጣውላ አይነቀልም፤ እዚያው ቀርቶ ብርድና ሙቀት ይከላከላል። ለዚህ ዓይነት ቅርጽ የፈጠራ መብት ቀድሞ ያመለከተው ካናዳዊው ተቋራጭ ቨርነር ግሬጎሪ ሲሆን ጊዜው 1966 እ.ኤ.አ. ነበር። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ደሴ የብርዱ ነገር ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ዝቅ ብላ ለተቀመጠችው ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ አለ።

ሥራው የሚለየው ገና ከፉቲንጉ፣ ማለትም ግድግዳው ከሚያርፍበት የአርማታ መሠረት ነው። በተለመደው ብሎኬት መሠረቱ ትንሽ ቢዛነፍ ግምበኛው በሲሚንቶና አሸዋ ያቃናዋል። በፎም ብሎኮች መካከል ግን ምንም ማያያዣ አይገባም። ታች ያለው ስህተት ወደ ላይ ይወጣል፣ በክፍተቱም አርማታ ይፈሳል። ስለዚህ የፉቲንጉ ላይኛ ገጽ ከፍ ዝቅ ቢል ከ6 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

ደሴ ላይ ዋናው ፈተና ተዳፋቱ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሜዳ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ፉቲንጉ ተዳፋቱን ተከትሎ አይጋደምም፤ በደረጃ ተከፍሎ እያንዳንዱ ደረጃ ውሃ ልኩን ጠብቆ ይሠራል። የደረጃው ከፍታ ደግሞ በዘፈቀደ አይወሰንም። ብዙዎቹ ብሎኮች 40 ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት አላቸው። ደረጃው 40 ወይም 80 ከሆነ ብሎኮቹ ሳይቆረጡ ይገጥማሉ። 55 ከሆነ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ላይ መጋዝ ማንሳት ነው! ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር የብሎኩን ቁመት ማወቅ ግድ ነው። ፌሮውም ደረጃው ላይ አይቋረጥም፤ ታጥፎ ይቀጥላል።

የፉቲንጉን አርማታ የሚይዘው ጣውላ በሲባጎ ተሰልፎ፣ በችካል ተይዞ፣ ከላይ በአግዳሚ እንጨት ይታሰራል። አርማታው አንድ ሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ደካማ ችካል ይገፋል። ማዕዘኖቹ ትክክል መሆናቸው የሚታወቀው ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ ነው፤ እኩል ከመጡ ሥራው ልክ ነው። አሞላሉ ከታችኛው ደረጃ ይጀምራል። ታችኛው ትንሽ ጠንከር ሳይል ላይኛው ከተሞላ ክብደቱ አርማታውን በደረጃው ጣውላ ሥር ወደ ታች ይገፋዋል።

ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ሌላ ጣጣ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና ደህና አድርጎ መጠቅጠቅ ይሻላል። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለሆነም የፌሮውን ነገር ለመሐንዲስ መተው ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬና ማጀቴን ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ሩቅ አልነበረም።

ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም አለው፤ ቦይ ተቆፍሮ ብዙ ቀን ባይቆይ ጥሩ ነው። ውሃ የተኛበት ቦይ ጭቃው ተጠርጎ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ አርማታ አይገባበትም። ወደ ግድግዳው የሚወጡት ፌሮዎችም ከሙሌቱ በፊት ይታሰራሉ። ቦታቸው በብሎኩ ክፍት መሃል ትክክል መሆን አለበት፤ ከሳቱ ብሎኩ አይገባም። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣል።